ፈጣኑ ጉበት

ብልባላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሐስ አረጋ፣ ስዊድን አገር፣ ኡፕሳላ ከተማ።

የላሊበላ አምላክ ጤናሽን ያብዛልኝ፤ የዚያን አገር ብርድም ያቅልልሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባትሽ አረጋ ነፍሱን ይማረውና የአክስቴ ልጅ ቢሆንም ከአንድ ገበታ በልተን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ ዝምታዬን እንደ መርሳት አትቁጠሪብኝ። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወዲህ ስልኩም ሲመጣ ሲሄድ ነው። ይህን ወረቀት የልጄ የየትናየት ባል ይታገሱ፣ ነአኩቶ ለአብ ገዳምን ላስጎበኛቸው የአዲስ አበባ ሰዎች ይሰጥልኛል፤ እነሱ በፖስታ ይልኩልሻል።

አንድ የሥራ ጥያቄ አለኝ። የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ታጠኛለሽ ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ እንደምታውቂው የከብት ሐኪም ነኝ። በቀደም ውዱ የሚባል ገበሬ ፈረሱም አህያውም አንክሰውበት እየጎተተ መጣ። ለሁለቱም ፌኒልቡታዞን የሚባለውን ማስታገሻ እንደየክብደታቸው መጥኜ ሰጠሁ። ፈረሱ እስከ ማግስቱ ደህና ሲረግጥ ዋለ። አህያው ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሶ አነከሰ። ውዱ ተመልሶ መጥቶ፣ «ለፈረሱ መድኃኒት፣ ለአህያዬ ውሃ ነው የሰጡት» አለኝ። ጠርሙሱ አንድ ነው ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም። እኔም ልቤ አላረፈም፤ ከዚህ በፊትም በሌሎች አህዮች ላይ አይቼዋለሁና። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሌላ ነገር እንድትልኪልኝ አልፈልግም፤ መልስሽ ይበቃኛል።

የትናየት ነፍሰ ጡር ናት። ደህና ናት። ከዚህ በላይ ስለ እሷ አልጽፍም። በጸሎትሽ አስቢያት።

አጎትሽ ከፋለ


ኡፕሳላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ ከፋለ፣

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የእጅ ጽሑፍዎን ከአባቴ ጽሑፍ መለየት አቅቶኝ ለጥቂት ጊዜ ፖስታውን ሳልከፍት ይዤው ቆየሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ለውዱ እውነቱን ነው የነገሩት። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ጉበቱ ነው የተለያየው። የተዋጠ ወይም የተወጋ መድኃኒት በደም ሲዞር ቆይቶ ጉበት ይሰባብረዋል፤ ስብርባሪው በሽንትና በአይነ ምድር ይወጣል። የአህያ ጉበት ያን ማስታገሻ ከፈረስ ጉበት በጣም ፈጥኖ ይሰብረዋል። ስለዚህ አህያን እንደ ትንሽ ፈረስ ቆጥሮ መድኃኒት መመጠን አይሆንም፤ የሚሰጥበትን ሰዓት ማቀራረብ ያስፈልጋል።

እንስሳት ሁሉ እንዲህ ይለያያሉ። እኛ ራሳችንን ሲያመን የምንውጠው ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድላት ይችላል፤ ጉበቷ እሱን የሚያስወግድበት መሣሪያ ይጎድለዋል። ዲክሎፌናክ ከሚባለው ማስታገሻም ይጠንቀቁ። በእሱ ታክሞ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ከተጣለና አሞራ ከበላው፣ የአሞራው ኩላሊት ተበላሽቶ ይሞታል። እንዲህ ያለውን ከብት ያስቀብሩት።

ሰውና ሰውም ይለያያል። የእኔ ጥናት በዚህ ላይ ነው። ሁለት እህትማማቾች ከአንድ ብልቃጥ አንዳንድ ፍሬ ወስደው፣ አንዷ ምንም ሳይሰማት አንዷ ልትሰክር ትችላለች።

ጋሼ፣ አሁን እኔ ልጠይቅዎት። የመጨረሻውን መስመርዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ ስለ አህያ አንድ ገጽ የሚጽፉ ሰው ስለ ልጅዎ እርግዝና ጥቂት ቃል ብቻ ጻፉ። የትናየት ከዚህ በፊት ወልዳ ልጁ እንዳልቆየላት እናቴ በጨረፍታ ነግራኝ ነበር። አፍሬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ምን ነበር የሆነው?

ልጅዎ ትርሐስ


ብልባላ፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርሐስ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ። መልሴ የዘገየው መንገደኛ ጠፍቶ አይደለም። ለገና የመጣው ምእመን አገሩን ሞልቶት ነበር፤ የሚያደርስ ሰው አልታጣም። እኔ ነኝ ብዕሩን እያነሣሁ ሳስቀምጥ የከረምኩት። አሁን ልንገርሽ።

የትናየት የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ባሏ ለሥራ በሄደበት ከተማ፣ ሐኪም ቤት ነው። ምጡ ጠናባትና በኦፕራሲዮን ወጣ። ወንድ ነበር። ስናየው ደረቱ የሰፋ፣ ድምፁ ቤት የሚሞላ ልጅ ነበር። ቁስሏ እንዳያሠቃያት ኮዴይን የሚባል ኪኒን ሰጥተዋት እሱን እየዋጠች እኔ ጋ መጣች፤ እናቷ ስላረፈች የይታገሱ እናት እማሆይ ብርቄ ሊያርሷት መጡ።

ከዚያ ልጁ ዝም አለ። ጡት ሲሰጡት ሁለት ጊዜ ስቦ ያንቀላፋል። የሚጠይቅ ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ይል ነበር። እሷም ራሷ እየተቀመጠች ታንቀላፋለች፤ ደክሟት ነው አልን። አንድ ንጋት ላይ ተነሥታ ብታቅፈው ቀዝቅዟል። ገና ክርስትና ሳይነሣ።

እማሆይ ብርቄ በለቅሶው መሐል፣ «እንቅልፍ ጥሏት ተጫነችው» አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሐዘን ነው ያናገራቸው። ቃሉ ግን ወጣ፤ ቤት ለቤትም ዞረ። የትናየት አንድም ቀን አልመለሰችም። ራሷም አምናዋለች። ከዚያ ወዲህ ተጋድማ ስትተኛ አይቻት አላውቅም፤ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታሸልበው።

አሁን ሐኪሞቹ ሁለተኛውንም በኦፕራሲዮን ትወልጃለሽ ብለዋታል። እሷ ግን፣ «ሆዴን አስቀድጄ ለመቃብር አልወልድም፤ እዚሁ ቤቴ እወልዳለሁ፤ የመጣው ይምጣ» ብላለች። ይታገሱ ሰው ሲያስጎበኝ የሚናገረው አንደበት ቤት ሲገባ ይዘጋል። እኔም የላም ማሕፀን ሲቀደድ በዓይኔ ያየሁ ሰው ሆኜ ልጄን የማሳምንበት ቃል አጣሁ።

ይኸው ነው። እግዚአብሔር ያሰንብተን።

አጎትሽ ከፋለ


ኡፕሳላ፣ ጥር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ከፋለ፣

እግዚአብሔር ያጽናናችሁ። በጊዜው ያላልኩትን ዛሬ እላለሁ።

ስልክ በየቀኑ ስሞክር ሰነበትኩ፤ አልገባ አለ። ይህን ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ የምትመለስ ሂንድ የምትባል ጓደኛዬ ይዛልኝ ትመጣለች፤ በላሊበላ አውሮፕላን ለሚሳፈር ሰው ትሰጠዋለች።

በደብዳቤዎ ውስጥ «ኮዴይን» የሚለውን ቃል ሳይ ከወንበሬ ተነሣሁ። እኔ የማጠናው እሱኑ ነው።

ኮዴይን እንደተዋጠ ብዙም ሕመም አያስታግስም። ጉበት ነው ከፊሉን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው፤ ሕመሙን የሚያስታግሰው ሞርፊኑ ነው። ወፍጮ ያስቡ፤ ኮዴይን እህሉ ነው፣ ሞርፊን ዱቄቱ። አብዛኛው ሰው በልክ ይፈጫል። አንዳንዱ ጭራሹን አይፈጭም፤ ኪኒኑ አይሠራለትም። አንዳንዱ ደግሞ ሲወለድ ትርፍ ወፍጮ ይዞ ይወለዳል፤ የዋጠውን ባንዴ ሞርፊን ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ሰው በእኛ አገር ብዙ ነው፤ ከሦስት ሰው አንዱን ይጠጋል። እናት እንዲህ ከሆነች ሞርፊኑ በወተቷ ወደ ሕፃኑ ያልፋል። ሕፃኑ ያንቀላፋል፤ መጥባት ይተዋል፤ ትንፋሹ እየራቀ ይሄዳል። እናቲቱም ታንቀላፋለች። እርስዎ የጻፉልኝ አንድ በአንድ ይኸው ነው።

እርግጠኛ ነኝ አልልም፤ ልጁን አላየሁትም። ያዘዘላትም ሰው አልበደለም፤ ለብዙ እናቶች የታዘዘ መድኃኒት ነው። ነገር ግን የየትናየትን ጉበት ማወቅ እንችላለን። በፖስታው ውስጥ ጫፉ ጥጥ የሆነ እንጨት አለ። ከፈቀደች ጉንጯን ከውስጥ ትጥረግበት፤ አድርቃችሁ ላኩልኝ። ውጤቱ ደረሰም አልደረሰም ግን ኮዴይንንም እንደ እሱ ያለውን ትራማዶል የሚባል ማስታገሻም እያጠባች እንዳትወስድ። ለሐኪሟ ለብቻ የጻፍኩት ገጽም አለ።

የሚከተለውን ለእሷ ይስጡልኝ።

የትናየት፣ እኅቴ። አንቺ እኔን በልጅነት ያየሽኝ ነሽ፤ ትዝ ይልሽ እንደሆነ እንጃ። ልጅሽን የወሰደው እንቅልፍሽ ነው ብለው ነግረውሻል። እኔ እንቅልፍ አይደለም እላለሁ፤ የዋጥሽው ኪኒን ጉበትሽ ውስጥ ተለውጦ በወተትሽ ያለፈበት ይመስለኛል። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ አንድ ጊዜ የተሰፋ ማሕፀን በምጥ ሊቀደድ ይችላልና ቤት ውስጥ አትውለጂ። ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ኪኒኑን ግን እምቢ በይ።

ትርሐስ


ብልባላ፣ የካቲት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርሐስ፣

አንደበትሽ አይታጠፍ። የአባትሽ አጥንት ይለምልም።

ደብዳቤሽን ይዤ ስሄድ የትናየት ደጅ ላይ ጌሾ ስታሰጣ አገኘኋት። ያንቺን ገጽ አላነብም፣ እርስዎ ያንብቡልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። «ይድገሙት» አለች። ደገምኩት።

«ስለዚህ አልተጫንኩትም» አለች። የጠየቀችኝ አልመሰለኝም፤ ለራሷ ነው የተናገረችው።

«አልተጫንሽውም።»

ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጠቆረ። «በጡቴ ነዋ የሰጠሁት። እምቢ ሲለኝ አፉን ከፍቼ» አለችና ተነሥታ ገባች። ለብዙ ቀን ከማናችንም ጋር አልተነጋገረችም። ትርሐስዬ፣ እውነት ለመናገር ያን ሰሞን ባትጽፊልን ይሻል ነበር ብዬ አስቤ ነበር።

አንድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ መጣች። «የውዱ አህያ ለምን ቶሎ እንደሚያነክስ እሷ ነገረችዎት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «አህያው ጥፋት የለበትም» አለች። የለበትም አልኩ። «ታዲያ እኔ ሐኪሙን ላየው» አለች።

ላሊበላ ወረድን። ዶክተር ሙሉሃብት የሚባል ወጣት ነው የተረከባት። የጻፍሽለትን ገጽ ቆሞ አነበበና ተቀመጠ፤ ተቀምጦ እንደገና አነበበው። «ትምህርት ላይ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ እንዲህ በስምና በመልክ ሲመጣብኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «በፓራሲታሞልና በኢቡፕሮፌን እናስታግስልሻለን፤ ለልጅሽም አያሰጋም» አላት።

«ሕመሙን ተዉት፤ እኔ እችለዋለሁ» አለችው።

«እንድትችዪው አልፈልግም» አለ። «ካልበቃሽ ጥሪኝ፤ ሌላ መንገድ አላጣም።»

ሐኪም ቤት እንደምትወልድ እዚያው ቃል ሰጠችው። እንጨቱንም በራሷ እጅ ጉንጯን ጠርጋበት ይኸው ልከናል። ይታገሱ ለእናቱ ነግሯቸው ነበር፤ እማሆይ ብርቄ ግን፣ «ስዊድን ያለች ልጅ ላስታ ቤት ውስጥ የሆነውን ምን አየችና» ብለው መለሱት።

አጎትሽ ከፋለ


ኡፕሳላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ መንገደኛዋ በር ላይ ቆማለች።

ውጤቱ ወጣ። ያልኩዎትን ወፍጮ የሚሠራው ዘረ መል በአብዛኛው ሰው ላይ ሁለት ነው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። የትናየት ሦስት አላት። ጉበቷ ፈጣን ነው። የራሴንም አብሬ መረመርኩ፤ እኔም እንደ እሷ ነኝ።

በሽታ አይደለም። ሙሉ ጤነኛ ናት። ከእነዚህ መድኃኒቶች መራቅ ብቻ ነው። ይህን ለዶክተር ሙሉሃብት ያሳዩት፤ ለእሷም እንዲህ ይበሉልኝ፤ አሁን መላምት አይደለም፣ ታይቷል።

ማርያም ትቅረባት።

ትርሐስ


ብልባላ፣ ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርሐስ አረጋ፣ ደስታዬን ለማካፍላት፣

ስልኩ ለቅጽበት ሲከፈትልኝ «ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና» እንዳልኩ ተቋረጠ። የቀረውን አሁን በደንብ ተቀመጪና አንብቢ።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ልጅቱ ከወጣች ጀምሮ ትጮሃለች። ዶክተሩ እንዳለው በፓራሲታሞልና በኢቡፕሮፌን ብቻ ነው የታከመችው፤ ስትነሣ ስትቀመጥ ጥርሷን ትነክሳለች እንጂ ደህና ናት። አስታማሚ ሆነው አጠገቧ ያሉት እማሆይ ብርቄ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ስገባ የሆነውን በዓይኔ አየሁት። በሚቀጥለው አልጋ ከሙጃ የመጣች ውባንተ የምትባል አራስ አለች። እሷም በኦፕራሲዮን ወልዳ ቁስሉ አመርቅዞባት የቆየች ናት። የእኛዋ ሕፃን ስትጮህ እማሆይ ብርቄ ጀርባዋን እያሻሹ፣ «የዚያችን ልጅ አላየሽም? እንዴት ያለ ጨዋ ነው» አሏት።

የትናየት አንገቷን አዞረች። መልኳ ሲለወጥ አየሁ።

«መቼ ጠባ?» አለቻት ውባንተን።

«ከጠዋት ጀምሮ ተኝቷል። ሲነቃ ይጠባል ብዬ ነው።»

«ምን ኪኒን ነው የምትወስጂ?»

ውባንተ ከትራሷ ሥር አወጣች። ሕመሙ ሲጠናባት ባሏ ለሐኪሞቹ ሳይናገር ከውጭ መድኃኒት ቤት የገዛላት ነው። የትናየት ተቀብላ አነበበችው። ከዚያ ሆዷን በአንድ እጅ ይዛ ከአልጋው ወረደች። ልጁ ከእናቱ ርቆ በትንሽዬ አልጋ ላይ ለብቻው ነበር የተጠቀለለው። ገለጠችው። የእግሩን መዳፍ በጣቷ መታ መታ አደረገች፤ አልተንቀሳቀሰም። ከንፈሩ ደብዝዟል። ደረቱ አንዴ ከፍ ካለ በኋላ እስኪመለስ ድረስ ያስጨንቃል።

በሩ ላይ ደርሳ ዶክተር ሙሉሃብትን በስሙ ጠራችው። ልጄ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ሕንፃው ሁሉ ሰማት። ዶክተሩ እየሮጠ ሲገባ፣ «እናቱ ኮዴይን እየወሰደች ነው፤ ልጁ ትንፋሹ ርቋል» አለችው። እንደ ሐኪም ነው የነገረችው፤ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረችም።

ኦክስጅን አደረጉለት። ዶክተሩ የሞርፊንን ሥራ የሚሽር መርፌ ወጋው። ቆምን። እኔ ስንት ጥጃ በእጄ ሲሞትና ሲድን አይቻለሁ፤ የዚያን ጊዜ ግን ከልጁ ደረት ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ልጁ መጀመሪያ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ግንባሩን አኮማተረ። ከዚያ አለቀሰ። ጮኸ ልበልሽ እንጂ። የክፍሉ ሴቶች በእልልታ አቀለጡት፤ ዘበኛው እንኳ ሰርግ መስሎት በበሩ አንገቱን አሰገገ። እናቱ ኪኒኑን አቆመች፤ ልጁንም መርፌውን እየደጋገሙ ሲጠብቁት አድረው ማግስቱን እንደ ጥጃ ሲጠባ አየነው።

እማሆይ ብርቄ ያን ሁሉ ጊዜ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ግድግዳ ሥር ቆመው ነበር። የትናየትን ወደ አልጋዋ ስመልሳት ያን ባዶ የሕፃን አልጋ እያዩ፣ «ብቻውን ነበር የተኛው» አሉ። «እናቱ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብላ ነበር። ማንም አልተኛበትም።» ሌላ አልተናገሩም። ለእኔ ግን ይበቃኝ ነበር።

ለእሳቸው ግን አልበቃቸውም። ቤት በገባን ሳምንት የሰፈሩ ሴት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ተሰብስቦ ገንፎው ቀርቦ ሳለ፣ እማሆይ ብርቄ ተነሥተው ቆሙ። «አንድ ጊዜ ስሙኝ» አሉ።

«ይህች ልጅ የፊተኛውን ልጇን ተጫነችው ብዬ ያወራሁ እኔ ነኝ። ከእኔ አፍ ነው ወደ እናንተ የመጣው። ውሸት ነው። መድኃኒቱ ነው የወሰደው። እሷ የሌላ ሰው ልጅ ከሞት አፍ ስታወጣ በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያን ቃል የሚደግም ቢኖር ከእኔ ጋር ነው ነገሩ።» ወደ እሷ ዞረው ጎንበስ አሉ። «የትናየት፣ ይቅር በይኝ።»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ይታገሱ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። የትናየት ግን አላለቀሰችም። የአማቷን ቃል ሰምታ ልጅቱን ከጡቷ አላቅቃ ዘርግታ ሰጠቻቸው።

«ይያዙልኝ እማማ» አለች። «እኔ ትንሽ ልተኛ።»

በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያወራና እየበላ፣ ልጅቱም ከአያቷ ክንድ ላይ እየጮኸች፣ ልጄ አልጋዋ ላይ በጎኗ ተጋደመች፤ እግሯን ዘርግታ ተኛች። ማንም አልቀሰቀሳትም።

ምርቃቴ ያለሽበት ይድረስሽ።

አጎትሽ ከፋለ